ቀይዋ መብራት ዘበኛ አይደለችም

በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ትልልቅ ነገር መጻፍ የተለመደ ነው። ስለ አገር እድገት፣ ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ምሁር ኀላፊነት ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከአልጋ ሥር ተጥሎ አቧራ ስለሚጠጣ፣ ስንገዛውም ሆነ ስንጥለው ስለማናስብበት አንድ ዕቃ ነው። እርሱም በተለምዶ ዲቫይደር የምንለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ነው። አንባቢ «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለውና ነው?» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ዛሬ ማታ በምናድርበት ክፍል ውስጥ በአንዱ ማከፋፈያ ላይ ስንት ነገር ተሰክቷል?

እኔን ወደዚህ ጥያቄ ያመጣኝ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው በልግ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከግቢ ወጥተን በሶዶ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ኮርኒሷ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የግድግዳ ሶኬቷም አንድ ብቻ ነበረች። ለሦስት ሰው አንድ ሶኬት እንደማይበቃ የታወቀ ነውና ባለ ስድስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ገዛን። ካርቶኑ ላይ ከኮረንቲ መናር የሚጠብቅ መሆኑ ተጽፏል፤ ጫፉ ላይም ሲሰካ የምትበራ ቀይ መብራት አለች። በእርሷ ተማምነን ሁለት ላፕቶፕ፣ ሦስት ስልክ፣ አንድ የማንበቢያ መብራትና ሽሮ የምንሠራባትን የኤሌክትሪክ ስቶቭ ሁሉንም በላዩ ሰካን።

አንድ ማታ በዳሞታ ተራራ ላይ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም መብራት ጠፋ። ሽሮው ገና አልበሰለም ነበርና ስቶቩን ሳናጠፋ ሻማ ለኩሰን ወጋችንን ቀጠልን። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የግቢው ልጆች እንደ ልማዳቸው «መጣ!» ብለው ጮኹ። አምፑሉ ከወትሮው ይልቅ ነጣ፤ ወዲያው ከአልጋው ሥር አንድ ነገር «ጧ!» አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ጢስ፤ ቀጥሎም እንደ ጣት የቀጠነች ነበልባል ግድግዳውን ይዛ ወጣች። የኢንጂነሪንግ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን የውኃውን ጀሪካን አነሣ። አከራያችን እናት ከበር ላይ ሆነው «ተው ልጄ! ውኃ አትድፋ፤ መጀመሪያ አጥፋው!» ብለው ጮኹና እየሮጡ ሄደው ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ አወረዱ። ከዚያ በኋላ በአሮጌ ሣህን አፈር ዝቀው እሳቱን አዳፈኑት። እኒህ እናት የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

እኛ በእርሳቸው ተረፍን። ከላፕቶፖቹ አንዱ ግን ከዚያ ወዲያ አልተነሣም፤ በውስጡም የባለቤቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበረ። በሌላ ቦታ ቅጂ የነበራቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ብቻ ናቸው። በማግሥቱ የመጣው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የቀለጠውን ማከፋፈያ ፈትቶ አሳየን። ቀጫጭን የናስ ልጣጮች፣ ከእነርሱም የቀጠኑ ሽቦዎችና ያቺ ቀይ መብራት ነበሩበት። ጠባቂው ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ግን ባዶ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። ጢሱ እየወጣ፣ ፕላስቲኩ እየቀለጠ፣ ቀይዋ መብራት ዋናው ማጥፊያ እስኪወርድ ድረስ ትበራ ነበር።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ቀይዋ መብራት ኮረንቲ መኖሩን እንጂ ጥበቃ መኖሩን አትነግረንም። ማከፋፈያ ቀዳዳ ያበዛል እንጂ ኃይል አይጨምርም፤ የሚጠብቀንም በውስጡ ጠባቂ ሲኖረውና ከጀርባው ያለው የቤቱ መስመር ትክክል ሲሆን ነው። ይህን ማረጋገጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ ዕድል የሚተው ሳይሆን ማኅበራችን ሊይዘው የሚገባ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ እውነተኛው ጠባቂ ምን እንደሆነ እንመልከት። በደኅና ማከፋፈያ ውስጥ ቫሪስተር የምትባል፣ ሳንቲም የምታህል ክብ አለች። የምትሠራውም በአብዛኛው ከዚንክ ኦክሳይድ ነው። በደኅናው ጊዜ እንደ ተዘጋ በር ሆና ኮረንቲ አታሳልፍም ማለት ይቻላል። ቮልቴጁ ከልኩ ሲያልፍ ግን በቅጽበት ትከፈትና ትርፉን ከመሣሪያዎቻችን አርቃ በራሷ በኩል ታሳልፈዋለች። ዳሩ ግን ሁለት ድካም አለባት። አንደኛው፣ ዱላ በተቀበለች ቁጥር እየደከመች ትሄዳለች፤ አንድ ቀን ታልቃለች፤ ስታልቅም ብዙ ጊዜ የሚነግረን የለም። ሁለተኛው፣ የተሠራችው ከሰከንድ እጅግ ጥቂት ክፍልፋይ ለሚቆይ ዱላ እንጂ ለደቂቃዎች ለሚቆይ ሸክም አይደለም።

ይህ ሁለተኛው ድካም ለእኛ ብርቱ ጉዳይ ነው። ወደ ሰፈራችን የሚገባው መስመር ሦስት የኮረንቲ ሽቦና አንድ ኒውትራል አለው። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ሲለኩ 380 ቮልት፣ እያንዳንዳቸው ከኒውትራሉ ጋር ሲለኩ 220 ቮልት ናቸው። ኒውትራሉ በአንድ ምሰሶ ላይ ቢላቀቅ ወይም ቢበጠስ 220 የነበረው ሚዛን ይፈርሳል። አንዱ ቤት ደብዝዞ ሲያመሽ፣ ጥቂት ዕቃ ብቻ የሰካው ጎረቤቱ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልቴጅ ሊገባበት ይችላል። «ጨምሮ መጣ» ከምንላቸው ምሽቶች አንዳንዶቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። በዚህ ጊዜ ያቺ ሳንቲም የምታህል ክብ እንደ ተከፈተች ትቀርና ትግላለች፤ በማከፋፈያው ውስጥ በሙቀት ቆርጦ የሚያወጣት መሣሪያ ከሌለም ጠባቂ የተባለችው ራሷ የእሳት መነሻ ትሆናለች። ለእንዲህ ያለው ችግር የሚበጀው በገበያ ፍሪጅ ጋርድ የሚባለው መሣሪያ ነው። እርሱ ቮልቴጁ ከልክ በላይ ሲወጣ ወይም ሲወርድ መስመሩን ይቆርጣል፤ ከተስተካከለ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ታግሦ ይመልሳል። እንግዲህ ማከፋፈያውና ፍሪጅ ጋርዱ ሥራቸው ለየቅል ነው፤ አንዱ ያንዱን ቦታ አይተካም። በቀጥታ ለሚወርድ መብረቅ ግን ሁለቱም አይበቁም። ነጎድጓድ ሲቃረብ የሚያዋጣው ከግድግዳው መንቀል ብቻ ነው።

ይህ ዕውቀት ከሶዶ የራቀ እንዳይመስለን። ወላይታንና ዳውሮን በሚያዋስነው የኦሞ ወንዝ ላይ ቆሞ 243 ሜትር የሚረዝመው፣ 1870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ኬንያ ውስጥ እስከ ሱስዋ የሚዘልቀው፣ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የቀጥተኛ ኮረንቲ መስመርም የሚነሣው ከዚህችው ከወላይታ ሶዶ ነው። ቮልቴጁ 500 ሺህ፣ ሊያሳልፍ የሚችለው ኃይል 2000 ሜጋ ዋት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ለኬንያ ኤሌክትሪክ መላክ የተጀመረውም በእርሱ ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ያለ ጠባቂ አይሠራም። በየመስመሩ መግቢያ የሚቆሙት መናርን ወደ መሬት የሚያወርዱ መከላከያዎች ውስጣቸው የተደረደረው ያው ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ከታች ደግሞ መሬት ውስጥ የተዘረጋ የብረት መረብ አለ፤ መከላከያው የተቀበለውን የሚጥልበት ቦታ ያስፈልገዋልና። እንግዲህ በአንዲት ከተማ ውስጥ ያው ማዕድን በትልቁ ጣቢያ ሥራውን ሲሠራ፣ በተማሪው ክፍል ውስጥ ቢኖርም እንኳ ግማሽ ሥራ ብቻ ይሠራል። ልዩነቱ የመሬቱ መስመር ነው።

ግራውንድ የምንለውን ማለቴ ነው። በክቡ የግድግዳ ሶኬት ውስጥ ግራና ቀኝ የሚታዩት ሁለት ብረቶች ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም፤ ከመሬት ጋር የሚያገናኙን እነርሱ ናቸው። በደኅና ማከፋፈያ ውስጥ ካሉት ሦስት የጥበቃ መንገዶች ሁለቱ የሚያልፉት በዚህ በኩል ነው። ብዙ የኪራይ ክፍሎች ግን የተዘረጋላቸው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ብረቶቹ ከምንም ጋር አልተያያዙም። ስለዚህ በብዙ ገንዘብ የተገዛው ባለ ሦስት ሽቦ ማከፋፈያ በባለ ሁለት ሽቦ ግድግዳ ላይ ሲሰካ መውጫ የሌለው ቤት ዘበኛ ይሆናል። ሌላም አደጋ አለ። የላፕቶፕ ወይም የፍሪጅ ገላ ሲነካ የሚነዝረን ብዙ ጊዜ ይኸው መስመር ስለሌለ ነው።

ወደ ሸክሙ እንምጣ፤ ይህ ከሒሳብ የማያልፍ ነገር ነው። በማከፋፈያው ጀርባ ላይ 10 አምፔር ተብሎ ከተጻፈ፣ በ220 ቮልት ሊሸከም የሚችለው 2200 ዋት ነው። ይህም ለሁሉም ቀዳዳዎች በአንድነት እንጂ ለእያንዳንዱ አይደለም። ላፕቶፕ 65 ዋት ያህል፣ የስልክ ቻርጀር ከ20 ዋት ብዙም የማይበልጥ፣ የኤል ኢ ዲ አምፑል 10 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ማከፋፈያውን አያስጨንቁም። አንድ ስቶቭ ግን ብቻውን ከ1000 እስከ 2000 ዋት ሊወስድ ይችላል። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ቢሆን ወደ 16 አምፔር ይጠይቃል፤ እርሱን በማከፋፈያ ላይ መሰካት በአህያ ጀርባ ላይ የጭነት መኪና ዕቃ እንደ መጫን ነው። ሽቦውም ሊታይ ይገባል። ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ የሚታመነው ለ6 አምፔር ያህል ነው፤ 16 አምፔር ለመሸከም 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በኮረንቲው መጠን ልክ ሳይሆን በስኩዌሩ እንደሚያድግ ሁላችንም ለፈተና አጥንተነዋል። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ይህን በደብተራችን ጽፈን፣ ውጤት አግኝተንበት፣ ማታ ወደ ቤት ስንገባ ስቶቩን በማከፋፈያ ላይ እንሰካለን። ታዲያ ተምረናል ማለት ይቻላልን?

ስለ አንድ ሌላ ዕቃም ላስጠንቅቅ። አሜሪካ ያለ ዘመድ በፍቅር የሚልከው ማከፋፈያ መልኩ ያማረ፣ ሥራውም የጠነከረ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። በውስጡ ያለችው ቫሪስተር የእኛን 220 ቮልት የምታየው እንደማያቋርጥ መናር ነው፤ ስለዚህ ገና እንደ ተሰካ ሊፈነዳ ወይም ሊቃጠል ይችላል። የመሰኪያ መቀየሪያ ቅርጹን ያስማማል እንጂ ቮልቴጁን አይለውጥም። ጀርባው ላይ 220፣ 230 ወይም እስከ 250 ቮልት የሚል ጽሕፈት ከሌለ ስጦታውን አመስግኖ በካርቶኑ ማስቀመጥ ይሻላል።

አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ ሦስት ተቃውሞ አቀረበልኝ። እያንዳንዱን ልመልስ።

«ጥፋቱ ኮረንቲውን የሚልከው ነው» አለኝ። እውነት ነው፤ የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ ማግኘት የከፋይ ሁሉ መብት ነው፤ የላላ ሽቦ ሲታይም በጽሑፍ ማመልከት ይገባናል። ነገር ግን ኮረንቲው ፍጹም በሆነ ቀን እንኳ 3500 ዋት በቀጭን ገመድ ላይ ከተጫነ ገመዱ ይቀልጣል። የሌላው ጥፋት የእኛን አይሽርም።

«ነጋዴው ያታልለናል» አለኝ። ይህም እውነት አለው። በአገራችን ለዕቃ ደረጃ የሚያወጣ ተቋም፣ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ አለ። ሆኖም ገዢው ሳይጠይቅ ሻጩ ብቻውን ጻድቅ እንዲሆን መጠበቅ ሞኝነት ነው። አምፔሩና ቮልቴጁ ያልተጻፈበትን፣ በእጅ ሲመዘን እንደ ላባ የሚቀለውን፣ መሰኪያ ሲገባበት የሚወዛወዘውን ማከፋፈያ «አልፈልግም» የሚል ደንበኛ ከበዛ ዕቃውም ከመደርደሪያው ይወርዳል።

«ድኻ ተማሪ ምን ያድርግ? ደኅናው ማከፋፈያ ውድ ነው» አለኝ። ከሦስቱ የከበደኝ ይህ ነው፤ እኔም ርካሹን የገዛሁት ስለ ጠፋኝ ሳይሆን ስለ ቸገረኝ ነው። ነገር ግን ከሚጠቅመን ነገር አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። መብራት ሲጠፋ ስቶቩን ማጥፋት፣ ላፕቶፑን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነጻ ነው። ስቶቭን ለብቻው ከግድግዳው ሶኬት ጋር ማገናኘት ነጻ ነው። ማከፋፈያን በማከፋፈያ ላይ አለመቀጠል፣ ገመዱን በፍራሽና በምንጣፍ ሥር አለማሳለፍ፣ ጠቅልሎ አስሮ አለመጠቀም፣ ነጻ ነው። አልፎ አልፎ በእጅ ዳብሶ የጋለውን ወይም የጠቆረውን ማስወገድ ከዕቃው ዋጋ በቀር ሌላ አያስከፍልም። የመመረቂያ ጽሑፍን በሁለት ቦታ ማስቀመጥም እንዲሁ ነው፤ ይህን የሚነግራችሁ አራት ምዕራፍ እንደገና ሲጻፍ አጠገብ ተቀምጦ ያየ ሰው ነው።

በግል ጥንቃቄ የማይፈታውን ደግሞ ለማኅበሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ ምህንድስና መምህራን ቢፈቅዱልን በወር አንድ ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራ የማከፋፈያ መመርመሪያ ቀን ይከፈት። ተማሪ ማከፋፈያውን ይዞ ይምጣ፤ የዕለቱ ተረኛ ተማሪዎች በመምህር ፊት ይፍቱት፣ ይለኩት፤ ጠባቂ አለው ወይስ የለውም፣ ገመዱ ስንት ይሸከማል የሚለውን በወረቀት ጽፈው ይስጡት። ለተማሪዎቹ የተግባር ልምምድ፣ ለባለ ዕቃው ሕይወት ነው።

ሁለተኛ፣ ከግቢ ውጪ ለሚከራይ ተማሪ አንድ ገጽ የጥያቄ ወረቀት ይዘጋጅ። ግራውንድ አለን? ብሬከር አለን? ለስቶቭ የተለየ ሶኬት አለን? ወረቀቱ በአማርኛና በወላይትኛ ይሁን፤ አከራዩም ተከራዩም በአንድነት እንዲያነቡት። ክርክር ለማንሣት ሳይሆን ቤቱም ሆነ ልጁ የሁለቱ ስለሆነ ነው። የጎደለውን የሚሠራው ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንጂ እኛ አይደለንም፤ በግማሽ ዕውቀት ቆጣሪ የሚነካ ተማሪ ሌላ አደጋ ነው።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ የአባላቱን ፍላጎት ሰብስቦ በጅምላ ይግዛ። መቶ ሰው አንድ ላይ ሲገዛ ዋጋው ይቀንሳል፤ ደረሰኝ ይገኛል፤ ዕቃው ካልሆነም መላሹ ማኅበር እንጂ ብቸኛ ተማሪ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉ አባቶች ትንሽ ነገር የተናገሩ አይመስለኝም። ስለ አገር ብርሃን የምንጽፍ ሰዎች በገዛ ክፍላችን ያለውን ብርሃን ካልገዛነው ጽሑፋችንን ማን ያምነዋል?

እሳቱ በጠፋ ማግሥት አከራያችን እናት የጠቆረውን ግድግዳ በጭቃ ሲለስኑ አግዘናቸው ነበር። አልተቈጡም፤ ካሣም አልጠየቁም። ሥራው ሲያልቅ ብቻ እጃቸውን እየታጠቡ «ልጆቼ፣ እናንተ የምትማሩት ይህንን አይደለም እንዴ?» አሉን። በዚያን ጊዜ የመለሰ አልነበረም። ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባ መልስ እንዲሰጣቸው እለምናለሁ።